ከአልጋው ዳር ጀምር

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዘኸኝ «እትዬ፣ በ42 ዓመቴ ነርሲንግ ልጀምር ወይስ ሞኝነት ነው?» ብለኸኝ ነበር። ሰው ስለበዛ ሳልመልስልህ ቀረሁ። እኔ እዚህ ሜሪላንድ ነርስ የሆንኩት በ46 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፤ እዚህ መጥቼ ደግሞ እንዳንተው ፓርኪንግ ካሸር። የምነግርህ ሁሉ ዋጋ የከፈልኩበት ነው።

1. ዕድሜህን ተወውና ወገብህን ጠይቀው። አንድ ሺፍት ብዙውን ጊዜ 12 ሰዓት ነው፤ አብዛኛው በቁም ያልቃል። አዲስ ሠራተኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ሌሊቱ ነው። ስኳርህን፣ ደም ግፊትህን ተመርመርና ከሐኪምህ ጋር ተነጋገር። ስትገባም ሰው የምታነሣው በጉልበትህ ኃይል ይሁን እንጂ በወገብህ አይሁን፤ የማንሻ መሣሪያው ጥግ ላይ ቆሞ ሳለ «ቶሎ ልጨርስ» ብለው ብቻቸውን ያነሡ ጓደኞቼ ዛሬ በከዘራ ይሄዳሉ።

2. ትምህርት ቤት ከመመዝገብህ በፊት ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ሁን። ከሁሉ አጥብቄ የምልህ ይህን ነው። የፌዴራሉ ሕግ የሚጠይቀው ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ነው፤ ብዙ ግዛቶች ይጨምሩበታል፤ ያም ቢሆን የወራት ጉዳይ ነው። ከዚያ ነርሲንግ ሆም ገብተህ ሽማግሌ እጠብ፣ ዳይፐር ቀይር፣ አጉርስ። እኔ የመጀመሪያው ቀን መጸዳጃ ቤት ተደብቄ አለቀስኩ። በአገሬ ጠረጴዛ ላይ ፊርማዬ የሚጠበቅ ሴት፣ የሰው ሽንት ልጠርግ? ያን ለት ያጽናናችኝ አንዲት የጎጃም ሴት ነበረች። «የንጉሥ ልጅ የሠራችውን ሥራ አንቺ ልትንቂ ነው?» አለችኝ። ልዕልት ፀሐይን ማለቷ ነበር፤ አባታቸው በስደት ሳሉ ለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ ነርስነት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 የተመረቁትን። በ1942 ለቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት እስካረፉ ድረስ አገራቸውን ያገለገሉት በዚያው ሙያ ነው።

ሦስት አራት ወር ከሠራህ በኋላ ሽታው ብቻ የሚታወስህ ከሆነ ተወው፤ ብዙ አልከሰርክም። ወደ ቤትህ ስትነዳ ግን «እኒያ የጥጉ ክፍል ሽማግሌ ራታቸውን በልተው ይሆን?» እያልክ ከተገኘህ ሂድና ተመዝገብ።

3. ደመወዙን አውቀህ ግባ። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንዳወጣው፣ በ2023 መካከለኛው የዓመት ክፍያ ለሲኤንኤ ወደ 38 ሺህ፣ ለኤልፒኤን (ፈቃድ ላለው ተግባራዊ ነርስ) ወደ 60 ሺህ፣ ለአርኤን (ለሙሉ ነርስ) ደግሞ ወደ 86 ሺህ ዶላር ነበር። ኤልፒኤን አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል። አርኤን በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ «ሁለት ዓመት» ይባላል፤ አናቶሚው፣ ማይክሮባዮሎጂው፣ እንግሊዝኛው ቀድሞ ስለሚወሰድ ሦስትም አራትም ይሆናል። ዲግሪ ላለው ሰው ደግሞ ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል የሚያልቅ የጥድፊያ ፕሮግራም አለ፤ ግን እየሠሩ አይቻልም፣ ክፍያውም ከባድ ነው። የመንጃ ፈቃድ ፈተና መንጃ ትምህርት ቤቱን እንደማይጠይቅ ሁሉ፣ በየትኛውም መንገድ ብትመጣ የአርኤን ፈተናው አንድ ነው። ለባለ ትዳር የኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ይሻላል ባይ ነኝ።

4. ስለ ፔል ግራንት፣ ስለ መንግሥቱ የኮሌጅ ርዳታ፣ ማንም አያታልልህ። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው አይሰጠውም፤ ዲግሪው የኢትዮጵያ ቢሆንም ያው ነው። እኔ የነበረኝ ዲፕሎማ ስለነበር አገኘሁ፤ አንተ ከባሕር ዳር ዲግሪ ይዘህ መጥተሃል። «ዲግሪህን አትጻፈው» የሚልህ ወዳጅ አይጠፋም። ጻፈው። የመንግሥት ብድር አለ፣ ዕቁብ አለ፣ ደግሞም ብዙ ሆስፒታሎች ለሠራተኛቸው የትምህርት ክፍያ ይረዳሉ፤ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ያለውን ግብር አይነካውም። ሲኤንኤ ሆነህ ጀምር ያልኩህ ለዚህም ነው።

5. ወረቀት አትግዛ። በጥር 2023 ፍሎሪዳ ውስጥ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ የሐሰት የነርስ ዲፕሎማ መሸጣቸው ታወቀ።

6. እንግሊዝኛህ የሰው ሕይወት ነው። አንድ ሌሊት ሐኪሙ በስልክ «ፊፍቲን» ያለኝን «ፊፍቲ» ብዬ ጻፍኩት። የፋርማሲዋ ልጅ «እርግጠኛ ነሽ?» ብላ ባትደውል ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍልህም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ መልሼ ማንበብ ነበረብኝ፣ አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ሁሉ ስቀበል ሆሄ እንደሚቆጥር ሕፃን «ዋን፣ ፋይቭ» እያልኩ መልሼ አነብለታለሁ። ይሰለቻል፣ ይሰልች። አነጋገርህን ሰምቶ «ሌላ ነርስ ጥሩልኝ» የሚል በሽተኛም ይገጥምሃል፤ ትጠራለታለህ፣ ወደሚቀጥለው ክፍል ትሄዳለህ።

7. ኤንክሌክስን፣ የነርስ ፈቃድ ፈተናውን፣ ብትወድቅ ቢያንስ 45 ቀን ጠብቀህ ትደግማለህ። እኔ ደግሜያለሁ። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ጥያቄው ከ85 እስከ 150 ነው፣ ጊዜው አምስት ሰዓት። ቀደም ብሎ ሲቆምብህ «ወደቅሁ» ብለህ ፓርኪንጉ ውስጥ አትንቀጥቀጥ፤ ያለፈም የወደቀም ላይ ይቆማል።

8. ባለቤትህን አማክራት፤ ወስነህ አትንገራት። ልጆቹን ከትምህርት ቤት የምታመጣው፣ ኦቨርታይሙን ስትተው የቤት ኪራዩን የምትሸፍነው እሷ ናት። እኔ ባሌን ሳልጠይቀው ተመዝግቤ አንድ ዓመት ተኳርፈናል። ለዕድሩም አስቀድመህ ንገር፤ ልቅሶ ሳትደርስ፣ ክርስትና ሳትገኝ የምትቀርበት ጊዜ ይመጣል፣ «ፈረንጅ ሆነ» ይሉሃል። ፈቃድህን ያገኘህ ዕለት ግን መጀመሪያ «የደም ግፊቴን ለካልኝ» ብሎ የሚመጣው ያው ያማህ ሰው ነው።

የአናቶሚ መጽሐፌ ሳሎኔ መደርደሪያ ላይ አለ። አሮጌ እትም ነው፤ ሆኖም አጥንታችን ዛሬም 206 ስለሆነ ለመጀመሪያ ይበቃሃል። ጠርዙ ላይ ሁሉንም በአማርኛ ጽፌበታለሁ። ማክሰኞ ከሰዓት ቤት ነኝ፤ ባለቤትህን ይዘሃት ናና ውሰደው።