ቀጋ፦ የደጋችን ጽጌ ረዳ

በአንድ ወቅት ወደ መንዝ ተጉዘን ከመሐል ሜዳ ብዙም በማትርቅ መንደር በእንግድነት ተቀምጠን ሳለ፣ የቤቱ ታናሽ ልጅ ከወንዝ ዳር የቀነጠሰችውን ነጭ አበባ ይዛ መጣች። «አባ፣ ይህ ምንድን ነው?» ብትለን፣ እጇን የቧጨራትን አይተን «የአጥር እሾኽ ነው፤ ለእመቤታችን ሥዕል ከሆነስ ጽጌ ረዳ ይሻላል» ስንል መለስንላት። አያቷ ግን ከምድጃው አጠገብ ሆነው «ቀጋ ነው እንጂ፣ አባ» ሲሉ አረሙን። የተሳሳትነው በስሙ ብቻ አልነበረም፤ ቀጋ ራሱ ጽጌ ረዳ ነውና።

በዕፀዋት ሊቃውንት ዘንድ ቀጋ «ሮዛ አቢሲኒካ» ይባላል። በዚህ ስም በ1820 እ.ኤ.አ. በመጽሐፉ የገለጠው እንግሊዛዊው ጆን ሊንድሊ ነው። ከሰሃራ በረሃ በስተ ደቡብ በተፈጥሮው የሚበቅል ሌላ የጽጌ ረዳ ዓይነት የለም። በሆለታ በላስቲክ ቤት እየለማ ወደ ውጭ አገር የሚላከው ጽጌ ረዳ የዘር ሐረጉ ከእስያና ከአውሮፓ ነው፤ እኛም ጽጌ ረዳ ሲባል የምናስበው ያንን ብቻ ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ በምን እንለየው? ነጭ አበባና እሾኽ ብቻ አይበቁም፤ አጋምም ሁለቱም አሉት። የአጋም ቅርንጫፍ ሲሰበር ግን ነጭ ወተት ይወጣዋል፣ ቅጠሎቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ። ቀጋ ወተት የለውም። ቅጠሉ በአንዲት ዘንግ ላይ የተደረደሩ፣ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ የሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ሰባት ትንንሽ ቅጠሎች ናቸው፤ ስድስቱ በግራና በቀኝ፣ አንዷ ከጫፍ። እሾኹ ወደ ታች የቆለመመ ነው። አበባው እንደ አትክልት ቦታው ጽጌ ረዳ አልተደራረበም፤ አምስት ቅጠል ብቻ አለው፣ በመካከሉም ብዙ ቢጫ ክሮች አሉ። ክሮቹን ገለጥ አድርጎ ለተመለከተ፣ ከመካከላቸው እንደ ትንሽ ዓምድ አብሮ የቆመ ነገር ይታያል፤ ይህ እርግጠኛ ምልክት ነው። ከእንጆሪ ጋር የሚያምታታን ሰው ፍሬውን ይጠብቅ፤ የእንጆሪ ፍሬ ከብዙ ጥቃቅን እንክብሎች የተሰበሰበ ሲሆን፣ የቀጋ ግን ልሙጥና ብርቱካንማ ቀይ ነው።

ቀጋን ለማየት ወደ ጓሳ መውጣት አያስፈልግም፤ የጓሳ ሣር ምድር ከ3,200 ሜትር በላይ ነውና ለእርሱ ይበርድበታል። ጥድና ወይራ ባሉበት በጫካ ዳር፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በወንዝ ዳርና በአሮጌ አጥር ይፈለግ። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ለአጥር ሲባል ይቆረጣል፣ ባሕር ዛፍ ሲተከል ደግሞ ከሥሩ ይመነገላል። ቆራጩም «እሾኽ ነው» ይላል፤ እኛ ለልጅቷ እንዳልናት።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን መቁጠሪያን ሲያስተምሩ ይህ ይጠቅማቸዋል። የመቁጠሪያ የላቲን ስም «ሮዛሪዩም» ትርጉሙ የጽጌ ረዳ አትክልት ቦታ ነው። ሕፃናቱ የወረቀት አበባ ከሚሠሩ፣ አንድ የቀጋ ዘንግ በውኃ ተነክሮ ቢቀርብና ቅጠሉን ቢቈጥሩ ይሻላል።

ፍሬው ይበላል፤ የሚበላው ግን ሥጋው ብቻ ነው። ዘሩን የከበበው ጠጕር ጕሮሮ ያሳክካልና ልጆች አስቀድመው ውስጡን ይጥረጉት።