ቋንቋን በእጅ ስልክ ስለ መማር

በአንድ መኝታ ቤት ዓመታት አድረው፥ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳያውቅ የሚመረቁ ተማሪዎች ብዙዎች ናቸው። በዚህ ረገድ የእጅ ስልካችን ምን ያህል ሊረዳን ይችላል?

ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ባሳተመው ጥናቱ፥ የተማርነው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች በብዛት እንደሚጠፋ፥ ከዚያ በኋላ ግን መጥፋቱ እየዘገየ እንደሚሄድ፥ ጥናትንም በየጊዜው ከፋፍሎ መድገም እንደሚጠቅም አሳየ። በ2006 የወጣው አንኪ የተባለው ፕሮግራም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ቃሉን በካርድ ያሳየናል፤ ካወቅነው ከጥቂት ቀናት፥ ቀጥሎም ከሳምንታት በኋላ መልሶ ይጠይቀናል፤ ከሳትነው ግን ወዲያው ያመጣዋል። ካርዱን ልናዘጋጅ የምንችለው እኛው ስለሆንን፥ ማንም ኩባንያ ትምህርት ያላሰናዳለትን ቋንቋ እንማርበታለን።

ይሁን እንጂ ጽሑፍ ጆሮን አይተካም። በኦሮምኛ «ለፈ» ማለት መሬት ሲሆን፥ አናባቢዎቹ ረዝመው «ላፋ» ሲባል ለስላሳ ማለት ነው። አማርኛ የሚማር ወንድማችንም «አለ» ሲጠብቅ መኖርን፥ ሲላላ መናገርን እንደሚያመለክት ከፊደሉ ብቻ አይረዳም።

እንግዲህ በየቀኑ ዐሥር ቃላት ከመኝታ ቤት ጓደኛችን አፍ ቀርፀን ድምፁን በካርዱ ላይ እናኑር፤ ማታ ማታም በእነዚያው ቃላት እናነጋግረው፥ ሲስቅብንም አንፈር። እርሱም የእኛን ቋንቋ በዚሁ ዓይነት ይማር።