ሞላው፣ ዘይቱና ጠጠሩ



በዛሬው ትምህርታችን በሪሞት የምትነዳ ትንሽ መኪና ሻሲና ሞላ ለጠጠር መሬት እንዴት እንደሚስተካከል እንመለከታለን። ርዕሱ የጨዋታ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በዚህች መኪና ላይ የሚሠራው ሕግ ከሸዋሮቢት ሽንኩርት ጭኖ ጣርማ በርን በሚወጣው አይሱዙ ላይም ይሠራል። ትንሿ ብትገለበጥ አንስተን እናቆማታለን፤ በትልቁ ላይ ግን የሰው ነፍስ አለ። ስለዚህ ሕጉን በትንሿ መማር ይሻላል።

ደብረ ብርሃን ላይ በደንብ የተስተካከለች መኪና ይዘን ወደ ቀወት ወረድን እንበል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ ሸዋሮቢት ደግሞ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። መኪናዋ ያቺው ናት፤ እዚህ ስትደርስ ግን ጠጠር ላይ ትነጥራለች፣ ኩርባ ላይ ትገለበጣለች። ለምን?

1. ዘይት። ሞላ ድንጋይ ሲያገኘው ይጨመቃል፣ ከዚያ ይመለሳል። ብቻውን ከሆነ ግን መንጠሩን አያቆምም፤ የሚያቆመው ሾክ አብዞርበሩ ነው። በውስጡ ያለው ፒስተን ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት፤ የሲሊኮን ዘይቱ በነዚያ ተጣቦ ሲያልፍ የንዝረቱ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ሲቀጥን ቶሎ ያልፋል፣ ንዝረቱን የመግታት አቅሙም ይደክማል። ስለዚህ ለቆላ ወፈር ያለ ዘይት እንመርጣለን።

2. ከፍታ። ባትሪው እንደተጫነ መኪናዋን ለጥ ባለ ወለል ላይ አቁመን፣ ጫን ጫን አድርገን ከለቀቅን በኋላ ከወለሉ እስከ ሻሲው ሆድ እንለካለን። ድንጋይ በበዛበት ቦታ ከፍ ማድረግ ሻሲው እንዳይመታ ይረዳል። ከፍ ባለች ቁጥር ግን የክብደቷ ማዕከልም ይወጣል፤ ኩርባ ላይ መገልበጥ ይቀላታል። መፍትሔው ድንጋዩን ለማለፍ የሚበቃውን ያህል ብቻ ማንሳት፣ ባትሪውን ደግሞ በተቻለ መጠን ዝቅ አድርጎ ማሰር ነው።

3. የሞላ ጥንካሬ። ብዙዎቻችን መኪናዋ እንዳትገለበጥ ጠንካራ ሞላ እንመርጣለን። ጠጠር ላይ ግን ጠንካራ ሞላ ጎማውን ከመሬት ያነሳዋል። አየር ላይ ያለ ጎማ አይገፋም፣ አይዞርም፣ ፍሬንም አይዝም። የኋላው እየተንሸራተተ ካስቸገረ የኋላውን ሞላ እናለሳልሳለን፤ መሪ ስናዞር ቀጥ ብላ ከሄደች ደግሞ የፊቱን።

4. ሥርዓት። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ዘይትና ሞላ በአንድ ጊዜ ከቀየርን የትኛው እንደረዳን አናውቅም። አንድ ነገር ብቻ ቀይረን፣ በዚያው መንገድ፣ በተቀራራቢ ሰዓት እንነዳለን፤ ውጤቱን በደብተር እንጽፋለን። የጠዋቱና የቀትሩ ሙቀት ስለሚለያይ ሰዓቱም ይጻፍ። ውድ መሣሪያ ለሌለው ተማሪ ማስመሪያና ደብተር ይበቃሉ።

ለውይይት የሚሆን ጥያቄ፦ አይሱዙ ላይ ሽንኩርቱ ከፍ ተደርጎ ሲከመር ከአራቱ የትኞቹ ይለወጣሉ? ሹፌሩስ ኩርባው ላይ ከመድረሱ በፊት ምን ማድረግ አለበት? በየጀመዓችሁ ተወያዩበት፤ በሚቀጥለው ትምህርት ኢንሻአላህ እንገናኝ።

ወሰላሙ ዓለይኩም።