ማጭድን ከክረምት ዝገት መጠበቅ

ጥያቄ፦ በዲክሲስ ወረዳ ከስንዴ አጨዳ በኋላ የተቀመጠ ማጭድ እስከሚቀጥለው አዝመራ ሳይዝግ እንዴት ይቆያል?

መልስ፦ ብረት የሚዝገው ውኃና አየር አንድ ላይ ሲያገኙት ነው። በክረምት ማረሻን አፈሩ እየፈተገ ያጠራዋል፤ የሚጎዳው ሥራ ፈቶ የተቀመጠው ማጭድ ነው። ስለዚህ ከአጨዳ በኋላ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ የጀመረው ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ይነሳና ስለቱም ጀርባውም ዘይት በስሱ ይቀባል። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ስስ ሽፋን ስለሚሠራ ተመራጭ ነው። ብረቱ እጀታው ውስጥ የሚገባበት ቦታም መቀባት አለበት፤ እንጨቱ እርጥበት ይይዛልና። ላስቲክ እርጥበት ስለሚያፍን በደረቅ ጨርቅ ጠቅልሎ መስቀል ይሻላል። ከሁሉ የከፋው ቦታ የማዳበሪያ ጆንያ አጠገብ ነው፤ ዩሪያ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ የማዳበሪያ ብናኝም ብረት ላይ ሲያርፍ ዝገትን ያፋጥናል።