ታይሮይድ፣ ካንሰርና ማሟያ እንክብሎች

የታይሮይድ ዕጢው በካንሰር ምክንያት በቀዶ ሕክምና ለወጣለት ሰው ሐኪም የሚያዘው ሌቮታይሮክሲን የጎደለውን ሆርሞን ይተካል። «ለታይሮይድ ይጠቅማል» ተብሎ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ማሟያ ግን እርሱን አይተካም። በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣ የአሜሪካ ጥናት ከተመረመሩት 10 ማሟያዎች በ9ኙ ውስጥ የታይሮይድ ሆርሞን ተገኝቷል። ይህ ከመድኃኒቱ ጋር ሲደመር የልብ ምትን ያፋጥናል፣ ውሎ አድሮም አጥንትን ያሳሳል።

ከመግዛትዎ በፊት የሚከተሉትን ልብ ይበሉ፦

1. አዮዲን፦ ኬልፕ የተባለው የባሕር አረም ብዙ አዮዲን ስላለው የራዲዮአክቲቭ አዮዲን ሕክምናን ያዳክማል።

2. ባዮቲን፦ ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚወሰደው ይህ ቫይታሚን የካንሰሩን መመለስ የሚከታተለውን የደም ምርመራ ሊያዛባ ይችላል። ከምርመራው በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ።

3. ካልሲየምና ብረት፦ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ በ4 ሰዓት ያራርቋቸው።

4. የደረቀ የእንስሳ ዕጢ፦ ብዙውን ጊዜ ከአሳማ ስለሚዘጋጅ ምንጩን ይጠይቁ። ሌቮታይሮክሲን ግን በፋብሪካ የሚቀመም ነው።

በረመዳንም መድኃኒቱን አያቋርጡ፤ ሰዓቱን ከሐኪምዎ ጋር ያመቻቹ። የሚወስዱትን ማሟያ ሁሉ ከነዕቃው ይዘው ያሳዩት።