የተበላሸ ቆርቆሮ ተሸጠላችሁ? የራሴን ላካፍላችሁ

ዛሬ ዋጋ አልለጥፍም፤ ከዋጋው በኋላ ስለሚመጣው ጣጣ ነው።

አምና መስቀል ሳይደርስ አረቅጥ ለእናቴ ቤት ባለ 30 ጌጅ 40 ቆርቆሮ ከወልቂጤ ገዝቼ አስጫንኩ። እሽጉ ሲፈታ 6ቱ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይዘዋል። ሻጩ «እናንተ ጋ ዝናብ ነክቶት ነው» አለ። የኔ ደረሰኝ ደግሞ «ቆርቆሮ» ብቻ ይላል። ፎቶ አንስቼ በ4ኛው ቀን ስለመለስኩ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ 4ቱን ቀየረልኝ። አናጺው ቸኩሎ የመታቸው 2ቱ ግን በኔው ቀሩ።

የተማርኩት፦

1. ደረሰኙ ላይ ጌጅ፣ ፋብሪካና ብዛት ይጻፍ። የጌጅ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 35 ከ30 ይሳሳል። ካልተጻፈ በምን ትከራከራላችሁ?

2. ሳይጫን ፈትታችሁ እዩ። ነጩ ዱቄት በታሸገ ቆርቆሮ መሀል እርጥበት ሲገባ ዚንኩ የሚያወጣው ዝገት ነው። መጋዘንም ግቢያችሁም ሊፈጠር ስለሚችል፣ ስትረከቡ ካላያችሁት ማስረዳት ከባድ ነው።

3. የተጠራጠራችሁትን ቆርቆሮ አትቁረጡ፣ ሚስማር አትምቱበት። ለይታችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ።

4. በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። የዋስትና ወረቀት ካለ አብራችሁ ያዙ። ሻጩ እምቢ ካለ ደረሰኝና ፎቶ ይዛችሁ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት።

«ደረሰኝ ካልፈለክ እቀንስልሃለሁ» የሚላችሁን ተጠንቀቁ። የሚቀንሰው ዋጋውን ብቻ ሳይሆን መብታችሁንም ነው።

ቤት ለሚሠራ ወዳጃችሁ አድርሱልኝ።