የሸለቆ ትኩሳት የደም ምርመራ፦ የተሻለ መለኪያ ምን ዓይነት ነው?

በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ፣ በተለይም በአሪዞናና በካሊፎርኒያ ደረቅ አፈር ውስጥ ኮክሲዲዮይድስ የሚባል ፈንገስ ይኖራል። ነፋስ አፈሩን ሲያስነሳ የፈንገሱ ጥቃቅን ዘሮች ከአቧራው ጋር ወደ ሳንባ ይገባሉ። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ሳል፣ ትኩሳትና ብርቱ ድካም ሊከተል ይችላል፤ በሽታው «የሸለቆ ትኩሳት» በመባል ይታወቃል። ምልክቱ ከተለመደው የሳንባ ምች ጋር ስለሚመሳሰል፣ ሕመምተኛው ፈንገስን የማይነካ የባክቴሪያ መድኃኒት እየወሰደ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። ትክክለኛውን በሽታ ለመለየት ከሚረዱት መንገዶች ዋነኛው የደም ምርመራ ነው። እኛም ይህን ምርመራ እንደ ማንኛውም የመለኪያ መሣሪያ እንመርምረው።

ምን ይለካል?

ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት አንቲቦዲ የሚባሉ ፕሮቲኖችን ያመርታል። አንቲቦዲው የሚይዘው ባዕድ ነገር አንቲጅን ይባላል። ኤላይዛ በተባለው ዘዴ የፈንገሱ አንቲጅን በትንሽ የፕላስቲክ ጉድጓድ ውስጥ ይለጠፍና የሕመምተኛው ሴረም ይጨመርበታል። አንቲቦዲ ካለ ይያያዛል፤ ያልተያያዘው ታጥቦ ይወገዳል። ቀጥሎ ኢንዛይም የተሸከመ ሌላ አንቲቦዲና ቀለም የሚሰጥ ውሕድ ይጨመራሉ። ቀለሙ በደመቀ መጠን የሚያልፈው ብርሃን ያንሳል፤ መሣሪያውም የሚለካው ይህንኑ ነው።

ችግሩ የት ላይ ነው?

አንደኛው ጊዜ ነው። አንቲቦዲ በደም ውስጥ እስኪታይ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎችም በበቂ መጠን ላያመርቱ ይችላሉ። ሁለተኛው መመሳሰል ነው። እንደ ሂስቶፕላዝማ ባለ ሌላ ፈንገስ የታመመ ሰው አንቲቦዲ ከዚህኛው አንቲጅን ጋርም ሊያያዝ ይችላል። ሦስተኛው «ፖዘቲቭ» የምንልበት ወሰን ነው። ወሰኑን ዝቅ ብናደርግ ብዙ ሕሙማንን እንይዛለን፤ ነገር ግን በሽታው የሌለባቸውንም አብረን እንይዛለን።

ይህን በምሳሌ እንየው። ከሚያስሉ 1000 ሰዎች መካከል 20ዎቹ የሸለቆ ትኩሳት አለባቸው እንበል። ምርመራው በሽታው ካለባቸውም ከሌለባቸውም 90 በመቶውን በትክክል ይለያል ብለን እንውሰድ። ከ20ዎቹ 18ቱ፣ ከቀሩት 980ዎቹ ደግሞ 98ቱ ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ስለዚህ ከ116 ፖዘቲቮች እውነተኞቹ 18 ብቻ፣ ማለትም 16 በመቶ ያህል ናቸው። በሽታው የሌለባቸውን የመለየት አቅሙ ወደ 99 በመቶ ከፍ ቢል ግን የሐሰት ፖዘቲቮቹ ወደ 10 ይወርዳሉ፤ የእውነተኞቹም ድርሻ 64 በመቶ ይደርሳል።

እንዴት ይሻሻላል?

ቀለሙን ይበልጥ ማድመቅ ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱም ስሕተቱም አብሮ ይደምቃል። ዋናው ሥራ አንቲጅኑን መምረጥ ነው። ብዙ ፕሮቲን በተደባለቀበት የፈንገስ ፈሳሽ ፈንታ፣ እንደ ፈንገሱ ካይቲኔዝ ያለ አንድ የታወቀ ፕሮቲን በጄኔቲክ ዘዴ አምርቶ መጠቀም ይቻላል። ፖዘቲቩን በሌላ ዘዴ ማረጋገጥ፣ ኔጌቲቭ ሆኖ ጥርጣሬው ከቀጠለም ከሳምንታት በኋላ ደም ወስዶ መድገም ይጠቅማል።

ትምህርቱ ለእኛም ቅርብ ነው። በአገራችን ለታይፎይድ የሚታዘዘው የዊዳል ምርመራም አንቲቦዲን የሚለካ በመሆኑ፣ የቀድሞ ሕመም ወይም ክትባት ውጤቱን ሊያዛባ ይችላል።

መልመጃ፦ በመጀመሪያው ምርመራ ከ1000ዎቹ ሕሙማኑ 250 ቢሆኑ፣ የእውነተኛ ፖዘቲቮች ድርሻ 75 በመቶ መሆኑን አረጋግጡ። መሣሪያው ሳይለወጥ የውጤቱ ትርጉም ለምን ተለወጠ?